ጆን ኒውተን፤ በባግፓይፕ የሚነፋው መዝሙር ደራሲ

ሙዚቃ የሰውን ልብ ለመንካት ሁልጊዜ ቃል አያስፈልገውም። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የሚሰማ ሰው፣ የደርዳሪው ቃል ገና ሳይለይለት የአውታሩ ድምፅ ብቻ ሆዱን ያባባዋል። እረኛ በመስክ ላይ ዋሽንት ሲነፋ መንገደኛ ጉዳዩን ትቶ ቆሞ ያዳምጣል። በሌሎች አገሮችም እንዲህ ያለ ኃይል ያላቸው መሣሪያዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ በተለይ በስኮትላንድ አገር የታወቀው ባግፓይፕ ነው። በዚህ መሣሪያ ከሚነፉት መንፈሳዊ ዜማዎች መካከል ደግሞ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው አሜዚንግ ግሬስ፣ ማለት አስደናቂ ጸጋ፣ የተባለው መዝሙር ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን መዝሙር ደራሲ የጆን ኒውተንን ሕይወት ባጭሩ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ሰውዬው ታሪክ ከመግባታችን በፊት ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ይገባል። የባግፓይፕ ነፊ የእኛን አገር አቅማዳ የሚመስል ከረጢት በብብቱ ሥር ይይዝና በአንዲት ቧንቧ ትንፋሹን ይሞላበታል። ከዚያም በክርኑ እየተጫነ አየሩን ወደ ሌሎቹ ቧንቧዎች ይልካል። ከነዚህ አንዱ እንደ ዋሽንት ጣት የሚመላለስባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ዜማውን የሚያሰማው እርሱ ሲሆን የሚያወጣቸው ድምፆች 9 ብቻ ናቸው። የቀሩት 3 ቧንቧዎች በነፊው ትከሻ ላይ ተደግፈው አንዱን ድምፅ ሳይለውጡና ሳያቋርጡ ያሰማሉ። ከሦስቱ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ከነርሱ ዝቅ ብሎ በወፍራም ድምፅ ያጅባል።

ይህ አሠራር ለመሣሪያው ሁለት ልዩ ጠባዮች ሰጥቶታል። አንደኛው ዝም ማለት አለመቻሉ ነው። ዘማሪ በስንኝና በስንኝ መካከል ይተነፍሳል፤ ዋሽንት ነፊም ያርፋል። ባግፓይፕ ግን ነፊው ትንፋሹን በሚስብበት ጊዜ እንኳ በከረጢቱ የተጠራቀመው አየር ድምፁን ስለማያስቋርጠው፣ ዜማው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ ወንዝ ይፈሳል። ሁለተኛው ጠባይ ደግሞ ድምፁን ዝቅና ከፍ ማድረግ አለመቻሉ ነው። ነፊው ባዘነም በተደሰተም ጊዜ የሚወጣው ድምፅ ኃይሉ አንድ ነው። ስለዚህ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ዜማው ቀስ እያለ እንዲጠፋ ሲፈለግ፣ ነፊው እየነፋ ከሕዝቡ ርቆ ይሄዳል። መሣሪያው ድምፁን መቀነስ ባይችል ርቀት ይቀንስለታል። የሄደው ሰው ሳይመለስ እየራቀ እንደሚሄድ፣ ድምፁም እየራቀ ሄዶ ከጆሮ ይጠፋል። ኀዘንተኛ ሁሉ በዚህ ጊዜ እንባውን መግታት ይቸግረዋል።

ከዚህም ሌላ አንድ ምክንያት አለ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መዝሙር ያለ ቃል በተነፋ ጊዜ ቃሉን በልቡ የሚሞላው አድማጩ ነው። አንዱ የሞተ አባቱን፣ ሌላው የበደለውን ወንድሙን፣ ሦስተኛው ከሞት የተረፈበትን ቀን እያሰበ ይሰማዋል። ዜማው አንድ ሲሆን በእያንዳንዱ ሰው ልብ ውስጥ የሚናገረው ግን ልዩ ልዩ ነው። እንግዲህ ይህ መዝሙር በመጀመሪያ ከማን ልብ እንደ ወጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ጆን ኒውተን በ1725 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በለንደን ከተማ በቴምስ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው ዋፒንግ በተባለች የመርከበኞች ሰፈር ተወለደ። አባቱ በሜዲትራኒያን ባሕር የሚነግድ የመርከብ አዛዥ ስለ ነበረ ከቤቱ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነበር። እናቱ ኤልሣቤጥ ግን ደግና መንፈሳዊት ሴት ነበረች። አንድ ልጇን ራስዋ ማንበብ አስተማረችው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎችንና የልጆች መዝሙሮችንም በቃሉ እንዲያጠና አደረገችው። አሳቧ ልጅዋ አድጎ ሰባኪ እንዲሆን ነበር። ዳሩ ግን በሳምባ ነቀርሳ ታማ፣ ልጅዋ 7 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሞተች። አባቱ ሌላ ሚስት አገባ፤ ልጁም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። በዚያም መምህሩ ክፉ ስለ ነበረ ትምህርቱን ጠላው። 11 ዓመት ሲሞላው አባቱ በመርከብ ይዞት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያደገው በባሕር ላይ ነው።

በ1742 ዓ.ም. አባቱ ወደ ጃማይካ ደሴት ልኮ ሥራ ሊያስይዘው አሰበ። ነገር ግን ወጣቱ የእናቱን ወዳጆች ለመጠየቅ ወደ ኬንት አውራጃ በሄደ ጊዜ ሜሪ ካትሌት የተባለችውን ልጃገረድ አየና ወደዳት። እርስዋ ገና 14 ዓመት ሊሞላት ነበር። ከነርሱ ቤት መለየት አቅቶት ቀኑን ሲያሳልፍ መርከቡ ትቶት ሄደ። የሜሪ ፍቅር ከዚያ በኋላ በደረሰበት መከራ ሁሉ ያልተለየው ነገር ነው።

በ1744 ዓ.ም. እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ልትገጥም በተዘጋጀችበት ጊዜ ወጣቱ በግዴታ ተይዞ ሃሪች ወደምትባል የጦር መርከብ ገባ። አባቱ ስለ ለመነለት የመኮንንነት እጩ ሆነ። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ሌሎች መርከበኞች እንዳይከዱ እንዲጠብቅ ወደ የብስ በተላከ ጊዜ እርሱ ራሱ ከድቶ ጠፋ። ወዲያው ተይዞ በብረት ታሰረ፤ በመርከበኞቹ ሁሉ ፊት ተገረፈ፤ ማዕረጉም ተገፎ ተራ መርከበኛ ሆነ። በልቡ ውስጥ ያደረበት ቂምና ተስፋ መቁረጥ ከዚህ ወዲህ ክፉ ሰው አደረገው። በእግዚአብሔር የሚያፌዝ፣ ጓደኞቹንም ወደ ክፋት የሚስብ ሆነ። በማዴይራ ደሴት ላይ አዛዡ ወደ ምዕራብ አፍሪካ በሚሄድ የንግድ መርከብ ላይ ካለ ሌላ ሰው ጋር ለወጠው።

በምዕራብ አፍሪካም በዛሬዋ ሲየራ ሊዮን አጠገብ ባሉት የፕላንቴን ደሴቶች ለአንድ ነጭ የባሪያ ነጋዴ ሎሌ ሆኖ ተቀጠረ። እዚያ የደረሰበት መከራ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በንዳድ ታሞ በተኛ ጊዜ የነጋዴው እመቤት ውሃ እንኳ ነፈገችው። በኋላም ነጋዴው ሌባ ነህ ብሎ ከመርከቡ ላይ በሰንሰለት ያስረው ጀመር። ልብሱ አልቆ፣ በዝናብና በፀሐይ ተደብድቦ፣ ከረሃብ የተነሣ በሌሊት የተክል ሥር እየነቀለ ጥሬውን ይበላ ነበር። ከንብረቱ ሁሉ የቀረው አንድ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ፣ ይኸውም የኤውክሊድስ መጽሐፍ ነበር። በባሕሩ ዳር ተቀምጦ በረጅም እንጨት በአሸዋው ላይ ሦስት ማዕዘንና ክብ እየሣለ ያጠና ነበር። እኛ በጥቁር ሰሌዳና በደብተር የምናጠናውን ትምህርት እርሱ በአሸዋ ላይ ተማረው።

በዚያ ቦታ ከተፈጸሙት ነገሮች ሁሉ አንዱ በተለይ መታወስ አለበት። ኒውተን በረሃብ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ፣ ለመሸጥ በሰንሰለት ታስረው የነበሩት አፍሪካውያን ከራሳቸው ጥቂት ምግብ እየቀነሱ በስውር ይሰጡት ነበር። ቢታዩ የሚደርስባቸውን ቅጣት ያውቁ ነበር፤ ሆኖም አጎረሱት። ይህን ውለታ ኒውተን ራሱ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ መስክሯል። ዳሩ ግን እንጀራቸውን የተካፈሉትን ሰዎች ወገኖች በሰንሰለት የሚያስር ሰው ለመሆን ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

አባቱ ልጁን እንዲፈልጉለት ለሚያውቃቸው መርከበኞች አደራ ብሎ ስለ ነበረ፣ ግሬይሃውንድ የተባለች መርከብ አገኘችው፤ በ1748 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ይዛው ወደ እንግሊዝ አገር ጉዞ ጀመረች። ይህች መርከብ የጫነችው ሰው አልነበረም፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና ለቀለም የሚሆን እንጨት ነበር። በእንግሊዝ አገር በዚያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው በአሮጌው አቆጣጠር በመጋቢት 10 ቀን፣ በአዲሱ ደግሞ በመጋቢት 21 ቀን ሌሊት፣ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ብርቱ ማዕበል ተነሣ። ኒውተን ከእንቅልፉ ነቅቶ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል አዛዡ ቢላዋ እንዲያመጣ መለሰው። በእርሱ ፋንታ ቀድሞ የወጣውን ሰው ማዕበሉ ወዲያው ጠርጎ ወሰደው። የመርከቢቱ አንድ ወገን ተሰባብሮ ውሃ ይገባ ጀመር። ያላሰጠማት ጭነትዋ ሰምና እንጨት በመሆኑ፣ ማለት ከውሃ የሚቀል ነገር በመጫንዋ ነው።

ኒውተን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር አካባቢ ውሃ ሲቀዳ ዋለ። ጥቂት ካረፈ በኋላ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ የመርከቢቱን መሪ ይዞ ቆመ። በዚያ ረጅም ሰዓት ሲያፌዝበት የነበረውን የእናቱን እምነትና በልጅነቱ ያጠናውን ቃል ያስታውስ ጀመር። መርከቢቱም ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ የመጨረሻው ምግባቸው በድስት ላይ ሳለ፣ በአየርላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ ወደብ ገባች። ኒውተን ያን ዕለት እስከ ሞቱ ድረስ በየዓመቱ በጸሎት ያስበው ነበር።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ፣ ኒውተን ከማዕበሉ እንደ ዳነ የባሪያ ንግድን ትቶ ወዲያው መዝሙሩን ጻፈ ይላሉ። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ በዚያው ዓመት ባሪያ በምትጭን መርከብ ላይ ምክትል አዛዥ ሆኖ ወጣ። በ1750 ዓ.ም. ሜሪን አገባ፤ ከዚያም እስከ 1754 ዓ.ም. ድረስ በሁለት መርከቦች በአዛዥነት ሦስት ጊዜ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተጓዘ። ባል ከሚስትዋ፣ ልጅ ከእናቱ የተለየውን ሕዝብ ገዝቶ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ አጣብቆ እያስተኛ፣ ውቅያኖሱን አሻግሮ ሸጠ። በጉዞ ላይ ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር። ሊያምፁ ነው ብሎ የጠረጠራቸውን፣ ወጣቶቹን ሳይቀር፣ ጣት በሚጨመቅበት ብረት እያሠቃየ መረመራቸው። ይህን ሁሉ በገዛ እጁ በመዝገቡ ጽፎታል። በየእሑዱ ግን መርከበኞቹን ሰብስቦ ይጸልይ ነበር፤ ለሚስቱም የፍቅርና የጸሎት ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ጸሎቱ ከላይ፣ ሰንሰለቱ ከታች፣ በአንድ መርከብ ላይ አብረው ይጓዙ ነበር።

በ1754 ዓ.ም. ለአራተኛ ጉዞ ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሚስቱ ጋር እንደ ተቀመጠ በድንገት ወደቀና አንድ ሰዓት ያህል ራሱን ሳተ። ሐኪሞች ስለ መከሩት የባሕርን ሥራ ተወ። እንግዲህ የባሪያ ንግድን እንዲተው ያደረገው ሕመም እንጂ ንስሐ አልነበረም። በሊቨርፑል ወደብ የጉምሩክ ሹም ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ቋንቋ ተማረ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ስለ ነበረ ቄስ ለመሆን ያቀረበው ልመና ብዙ ዓመት ተቀባይነት ሳያገኝ ቆየ። በመጨረሻ ሎርድ ዳርትማውዝ የተባለው መኳንንት ረድቶት በ1764 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለና ኦልኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ተሾመ።

የኦልኒ ሕዝብ አብዛኛው ዳንቴል እየሠራ የሚኖር ድኻ ነበር። ኒውተን እንደ መርከበኛ ግልጽ አድርጎ ይናገር ስለ ነበረ ሰው ወደደው። በ1767 ዓ.ም. ታላቁ ባለቅኔ ዊልያም ካውፐር ወደዚያች ከተማ መጥቶ ወዳጁ ሆነ። ካውፐር ጽኑ የመንፈስ ጭንቀት የሚይዘው ሰው ነበር፤ ኒውተንም ሌሊትና ቀን አስታመመው። ሁለቱ ለምእመናኑ ጸሎት የሚሆኑ መዝሙሮች ይደርሱ ጀመር። እነዚህም በ1779 ዓ.ም. የኦልኒ መዝሙሮች በሚል ስም በመጽሐፍ ታተሙ። በመጽሐፉ ካሉት 348 መዝሙሮች የሚበዙት የኒውተን ናቸው።

አሜዚንግ ግሬስ ለ1773 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ጸሎት፣ በጥር 1 ቀን ለሚደረገው ስብከት የተዘጋጀ ነው። የዕለቱ ንባብ ከመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ቁጥር 16 እና 17 ነበር። በዚህ ቦታ ንጉሥ ዳዊት ከምን ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ እያሰበ በእግዚአብሔር ፊት ይደነቃል። ኒውተንም በስድስት አንቀጽ የራሱን ሕይወት መለስ ብሎ እያየ፣ ሳይገባው የተደረገለትን ምሕረት አመሰገነ። በዚያን ጊዜ ግን ይህ መዝሙር የሚዘመርበት ዛሬ የምናውቀው ዜማ አልነበረም። ኒውተን ይህን ዜማ በሕይወቱ ሳለ ከቃሉ ጋር ተገናኝቶ አልሰማውም።

መዝሙሩ ከተጻፈ በኋላም ቢሆን ደራሲው ስለ ባሪያ ንግድ በአደባባይ ዝም እንዳለ 15 ዓመት ቆየ። በ1780 ዓ.ም. ወደ ለንደን ተዛውሮ የቅድስት ማርያም ዉልኖዝ ደብር አለቃ ሆነ። በ1785 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ዊልያም ዊልበርፎርስ የተባለው የ26 ዓመት የፓርላማ አባል ለምክር በስውር ወደ እርሱ መጣ። ወጣቱ በመንፈሳዊ አሳብ ተይዞ ፖለቲካን ሊተው አስቦ ነበር። ኒውተን ግን በፓርላማ ውስጥ ቆይቶ እግዚአብሔርንና ሕዝቡን እንዲያገለግል መከረው። ይህ ምክር ምን ያህል ፍሬ እንዳፈራ ታሪክ ያውቀዋል።

በ1788 ዓ.ም. ኒውተን ስለ አፍሪካ የባሪያ ንግድ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ባሕር ላይ መሥራት ከተወ 34 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚህ መጽሐፍ ራሱን አላዳነም። ንስሐው እጅግ የዘገየ መሆኑን አመነ፤ በገዛ እጁ የሠራውን ሥራ ሲያስብ እንደሚያፍርና ልቡ እንደሚንቀጠቀጥ ገለጸ። ሰዎቹ በመርከብ ውስጥ እንዴት እንደሚታሰሩ፣ እንዴት እንደሚታፈኑና እንደሚሞቱ፣ ሴቶቹ ምን እንደሚደርስባቸው በዝርዝር ጻፈ። በንጉሡ አማካሪዎች ጉባኤና በፓርላማው ኮሚቴ ፊትም ቀርቦ መሰከረ። ስለ ባሪያ ንግድ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን የባሪያ መርከብ አዛዥ ሆኖ በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ማግኘት ብርቅ ስለ ነበረ ቃሉ ከባድ ሚዛን ነበረው።

በ1790 ዓ.ም. የሚወዳት ሚስቱ ሜሪ ሞተች። ልጅ አልወለዱም ነበር፤ ሁለት የዘመድ ልጆች አሳድገው ነበርና ከሁለቱ የቀረችው ቤትሲ በእርጅናው ዘመን ጦረችው። ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ማየት ቢሳነውም መስበኩን በቀላሉ አልተወም። ዊልበርፎርስና ጓደኞቹ ብዙ ጊዜ ተሸንፈው ብዙ ጊዜ ተነሥተው፣ በመጨረሻ በ1807 ዓ.ም. መጋቢት 25 ቀን በእንግሊዝ መንግሥት ግዛት የባሪያ ንግድን የሚከለክለው ሕግ ጸደቀ። ባርነቱ ራሱ በቅኝ ግዛቶቹ እንዲቀር ሕግ የወጣው ግን ከዚያ በኋላ በ1833 ዓ.ም. ነው። ኒውተን ንግዱ ሲከለከል ለማየት በቃ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 21 ቀን በ82 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። በመቃብሩ ላይ የሚጻፈውን ራሱ አዘጋጅቶት ነበር፤ በእርሱም የቀድሞ ክፋቱን አልሸሸገም። ዐፅሙ በ1893 ዓ.ም. ወደ ኦልኒ ተወስዶ ተቀበረ።

ሰውዬው ሲሞት መዝሙሩ ገና ጉዞ መጀመሩ ነበር። በእንግሊዝ አገር ያን ያህል ሳይታወቅ በአሜሪካ ተስፋፋ። በ1835 ዓ.ም. ዊልያም ዎከር የተባለው የሳውዝ ካሮላይና ሰው ባሳተመው የዜማ መጽሐፍ ውስጥ ቃሉን ኒው ብሪተን ከሚባለው ዜማ ጋር አጋባው። ዛሬ የምንሰማው ይህ ነው። በመርከብ ተጭነው ከሄዱት አፍሪካውያን የተወለዱትም ጥቁር አሜሪካውያን መዝሙሩን የራሳቸው አድርገው በቤተ ክርስቲያናቸው ዘመሩት። ታዋቂዋ ዘማሪ ማሃሊያ ጃክሰን በ1947 ዓ.ም. በሸክላ አስቀረጸችው። በኒውተን ሰንሰለት የታሰሩት ሰዎች ወገኖች የኒውተንን የንስሐ ቃል ለራሳቸው መጽናኛ ማድረጋቸው እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ዜማው ለባግፓይፕ የተስማማበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የመሣሪያው ድምፆች 9 ብቻ ስለሆኑ ብዙ መዝሙሮች ከልኩ ያልፋሉ። ይህ ዜማ ግን ከታችኛው እስከ ላይኛው ድምፅ ያለው ርዝመት አንድ ስምንዮሽ ብቻ ስለሆነ በዜማው ቧንቧ ላይ ያለ ችግር ይገባል። ከዚህም በላይ የሚሠራበት በ5 ድምፆች ብቻ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህ ልዩ ትርጉም አለው፤ እነዚህ 5 ድምፆች ሙሉ ትዝታ ከምንለው ቅኝት ድምፆች ጋር የሚገጥሙ ናቸውና። መሣሪያውን አይቶት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንኳ ዜማውን ሲሰማ ባዕድ የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1972 ዓ.ም. ሮያል ስኮትስ ድራጎን ጋርድስ የተባለው የስኮትላንድ ሬጅመንት የሙዚቃ ጓድ ይህን መዝሙር በባግፓይፕ ነፍቶ በሸክላ አወጣው። በመጀመሪያ አንድ ነፊ ብቻውን ዜማውን ያሰማል፤ ቀጥሎ ሌሎቹ በአንድነት ይነሣሉ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያለቅስ ቆይቶ ጎረቤቶቹ መጥተው እንደሚያግዙት ያህል ነው። ሸክላው በብሪታንያ ለ5 ሳምንት ከሁሉ በላይ ተሽጦ አንደኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይህ መዝሙር በባግፓይፕ ሲነፋ መስማት በወታደሮች፣ በፖሊሶችና በእሳት አደጋ ተከላካዮች ቀብር ላይ የተለመደ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. መስከረም 11 ቀን በኒው ዮርክ ከተማ በደረሰው ጥፋት 343 የእሳት አደጋ ተከላካዮች በሞቱ ጊዜ፣ የባግፓይፕ ነፊዎች ለወራት ከቀብር ወደ ቀብር ሲመላለሱ ከነፏቸው ዜማዎች አንዱ ይህ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ባግፓይፕ ሲነፋ የሚሰማ ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ልቡ ይለሰልሳል፤ እንባውም ይወርዳል። በዚያች ሰዓት ሁላችንም ደጎች ነን። ነገር ግን የኒውተን ሕይወት እንደሚያሳየን፣ ልብ በአንድ ሌሊት ቢነካም እጅ ከክፉ ሥራ እስኪታጠብ ድረስ ዘመን ሊፈጅ ይችላል። እርሱ በማዕበሉ ሌሊት አለቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰው ሸጠ። መዝሙሩን ጻፈ፤ ከዚያ በኋላም 15 ዓመት ዝም አለ። የተራበውን ያጎረሱትን ሰዎች ዕዳ በመጠኑ ሊከፍል የሞከረው ሸምግሎ፣ በአደባባይ ወጥቶ በራሱ ላይ በመሰከረ ጊዜ ነው። ያም ቢሆን በባሕር የቀሩትን አልመለሰም።

ስለዚህ ሙዚቃ ልባችንን ሲነካው እንባችንን ብቻ አይተን ተለወጥን ማለት አይገባንም። የተነካ ልብ የታረሰ መሬት ነው፤ ካልተዘራበት አረም ያበቅላል። እኛ ወጣቶች ኒውተን 40 ዓመት የፈጀበትን መንገድ ለማሳጠር እንችላለን። ውለታ የዋለልንን ሰው ወገን ከመበደላችን በፊት፣ ዛሬ በጎናችን ተቀምጦ የሚበደለውን ጓደኛ ዝም ብለን ከማየታችን በፊት፣ ልባችን የነገረንን በእጃችን እንሥራው። ያን ጊዜ መዝሙሩ በበገናም ይደርደር፣ በባግፓይፕም ይነፋ፣ የሰማነው በከንቱ አይሆንም።